አሮጌ የፎርድ ኩፔን ሆት ሮድ ማድረግ፦ ከዝገቱ እስከ ቀለሙ

አሮጌ መኪናን ከፋብሪካ እንደወጣ መመለስ አንድ ሙያ ነው። ሆት ሮድ መሥራት ሌላ ነው። እዚህ የማያስፈልገው ሁሉ ይነቀላል፣ ቦዲው ዝቅ ይላል፣ ሞተሩ ጉልበት ይጨመርለታል። ነገሩ የተወለደው ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። በ1930ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው) ወጣቶች በርካሽ የገዙትን ፎርድ ፓራፋንጎውን ነቅለው፣ ሞተሩን ነካክተው፣ ሙሮክ በሚባል የደረቀ ሐይቅ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። በ1937 ፍጥነት የሚለካላቸው የራሳቸው ማኅበር ተቋቋመ። በ1949 ደግሞ ዩታ ውስጥ፣ ቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ፣ የመጀመሪያው የፍጥነት ሳምንት ተካሄደ።

ባህላዊ ሆት ሮድ የሚባለው የዚያን ዘመን ዕቃና መልክ የያዘው ነው። ይህ መመሪያም ለእሱ ነው። ብየዳ የሚችል፣ ወይም የሚችል ወዳጅ ያለው ሰው ሊሠራው ይችላል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። መኪናውን ሁለት ጊዜ ነው የምትገጥሙት። በመጀመሪያ ቀለም ሳይነካው፣ ባዶ ብረቱን ገጥማችሁ ትነዱታላችሁ። ከዚያ እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ፈታችሁ፣ ቀብታችሁ፣ እንደገና ትገጥማላችሁ። ብዙ ጅምር መኪና ጋራዥ ውስጥ አቧራ ለብሶ የሚቀረው ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው።

ዕቃ ከመግዛት በፊት ዓመት ቁረጡ

የምትሠሩት መኪና የስንት ዓመት ሆት ሮድ ነው? 1941? 1950? 1958? ይህን ሳትወስኑ ምንም አትግዙ። እኔ 1950ን እመርጣለሁ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ይኖራችኋል፦ በ1950 አንድ የሎስ አንጀለስ ጎረምሳ ይህን ዕቃ ከመኪና መቃብር ማግኘት ይችል ነበር? መልሱ አይደለም ከሆነ ዕቃው ይቀራል። የፍሬን ፖምፓና የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ግን ድርድር እፈቅዳለሁ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ለምሳሌ የምንይዘው የ1930 ወይም የ1931 ፎርድ ሞዴል ኤ ኩፔ (ባለ ሁለት በር፣ ጣራ ያለው መኪና) ነው። ሞተሩ የፎርድ ቪ8፣ ፊቱ ላይ ደግሞ የ1932 ፎርድ የራዲያተር ሽፋን። በዘርፉ ሰዎች ዘንድ ኤ-ቪ-ኤይት ይባላል። የ1932ቱ ኩፔ ይበልጥ ዝነኛ ነው፣ ግን ዋጋው አይቀመስም። ሞዴል ኤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ስለተመረተ ቦዲው ዛሬም ይገኛል።

ሎስ አንጀለስ ያላችሁ አንባቢዎች ዕድለኞች ናችሁ። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሊትል ኢትዮጵያ ምሳችሁን በሉ። ከዚያ በዚያው ጎዳና ትንሽ ወደ ሰሜን ስትሄዱ፣ ዊልሸር መገናኛው ላይ የፒተርሰን የመኪና ሙዚየምን ታገኛላችሁ። ያቋቋመው ሮበርት ፒተርሰን በ1948 ሆት ሮድ የተባለውን መጽሔት የጀመረው ሰው ነው። የተሠራ መኪናን በቅርብ ማየት ከመቶ ፎቶ ይሻላል።

ቦዲውን ስትገዙ

ቀለሙ አያታላችሁ። ተንበርክካችሁ ታችኛውን 15 ሴንቲሜትር እዩ። ሞዴል ኤ የሚበሰብሰው እዚያ ነው፦ የበሮቹ ታች፣ ከበሩ ፊት ያለው የጎን ላሜራ ታች፣ የኋላው ጥግ፣ ቦዲው ሻንሲው ላይ የሚቀመጥበት ረጅም ብረት። ይህ የመጨረሻው ከሄደ ቦዲው ቅርፁን የሚይዝበት የለውም። ተለዋጭ ላሜራ ተሠርቶ ይሸጣል፣ ስለዚህ ዝገት ብቻውን አያስፈራም። የሚያስፈራው የተጣመመ ቦዲ ነው። በሮቹ ካሉ ዘግታችሁ ዙሪያውን ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ ቦዲው ወርዷል ማለት ነው።

ማግኔት ያዙ። ማግኔቱ የማይጣበቅበት ቦታ ስቱኮ ተሞልቷል። ጣራው መሀል ላይ ቀዳዳ ብታዩ አትደንግጡ። የዚህ ኩፔ ጣራ መሀሉ ከመጀመሪያውም በእንጨት ላይ የተወጠረ ሸራ ነበር።

ወረቀቱንም እዩ። የሞዴል ኤ ቁጥር የሚታተመው ሻንሲው የግራ ብረት ላይ ነው፣ አንዳንዴም ቦዲው ካልተነሳ አይታይም። ወረቀቱ ላይ ያለውና ብረቱ ላይ ያለው ካልተገናኙ ዋጋው ምንም ቢረክስ ተዉት። በራስ ስለተሠራ መኪና እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግ አለው። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ከጭስ ምርመራ ጋር የተያያዘውን ልዩ ፈቃድ የምትሰጠው በዓመት ለ500 መኪና ብቻ ነው። ብየዳ ሳትጀምሩ ጠይቁ።

ሻንሲ

የሞዴል ኤ ሻንሲ የተሠራው ለ40 ፈረስ ጉልበት ነው። ቪ8 ስትጭኑበት ይጠማዘዛል። ሁለት መንገድ አላችሁ። አንደኛው የ1932ን ሻንሲ፣ አሮጌውን ወይም አዲስ የተሠራውን፣ መጠቀም ነው። ጎኑ ላይ ያለው የታተመ መስመር ፓራፋንጎው ሲነሳ ስለሚያምር ብዙ ሰው ይህን ይመርጣል። የጎማ ለጎማ ርቀቱ 106 ኢንች ነው፣ የሞዴል ኤው ደግሞ 103 ተኩል። ቦዲው እንዲቀመጥበት ታችኛው ብረት መቆረጥና መስተካከል አለበት።

ሁለተኛውና ርካሹ መንገድ የራሱን ሻንሲ ማጠንከር ነው። ብረቱ በውስጥ በኩል ክፍት ነው። በ4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ብረት ዘግታችሁ ሣጥን ታደርጉታላችሁ። በአንድ ትንፋሽ ግን አትበይዱት። ሻንሲውን ደረጃው በተስተካከለ ጠንካራ መቆሚያ ላይ እሰሩት፣ 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር በይዱ፣ ወደ ሌላው ጫፍ ሂዱ፣ ከዚያ ወደ ተቃራኒው ጎን። ሙቀት አንድ ቦታ ከተጠራቀመ ሻንሲው ሙዝ ይሆናል። ሲያልቅ ከጥግ ወደ ጥግ አገናኝታችሁ ለኩ። ሁለቱ ልኮች ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ወደፊት አትሂዱ።

የፊት እግር

መልኩም ደህንነቱም የሚወሰነው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ጊዜ ስጡት።

የዚያ ዘመን ፎርድ ፊት ለፊት አንድ ወጥ አክስልና በአግድም የተቀመጠ አንድ ባሌስትራ ነው ያለው። መኪናውን ዝቅ የሚያደርጉት ባሌስትራውን በመቁረጥ ወይም በማሞቅ አይደለም። እንደዚያ የሚያደርግ ሰው ካያችሁ መኪናው ውስጥ አትግቡ። ትክክለኛው መንገድ መሀሉ ወደ ታች የወረደ አክስል መጠቀም ነው። ጫፎቹ ከፍ ስለሚሉ መኪናው ይወርዳል፣ ባሌስትራው ግን ሥራውን ይሠራል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዙት ማንጠልጠያዎች መኪናው ክብደቱን ሲይዝ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ማዘንበል አለባቸው። ቀጥ ብለው ከቆሙ ወይም ከተኙ የባሌስትራው ርዝመት ልክ አይደለም።

አክስሉን ወደ ኋላ የሚይዘው የቪ ቅርፅ ያለው ዘንግ መሀል ላይ ይገናኛል። ቪ8ና ካምቢዮው ቦታ ስለሚሻሙት ለሁለት ተሰንጥቆ እያንዳንዱ ጫፍ በየጎኑ ሻንሲ ላይ ይታሰራል። አንድ ጥንቃቄ አለ። ይህ የሚሠራው የእንግሊዝኛውን I ቅርፅ ላለው አክስል ነው፣ ምክንያቱም አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ አክስሉ ትንሽ ይጠመዘዛል። የቱቦ አክስል አይጠመዘዝም፤ ጭነቱ ወደ ዘንጉና ወደ ማያያዣው ይሄዳል፣ አንድ ቀን ይሰነጠቃል።

የፔርኖው፣ ማለትም የፊት ጎማው ወደ ጎን የሚዞርበት ምሰሶ፣ አናት ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘንብል። ይህ ማዕዘን መኪናው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርገው ነው። ስትለኩ መኪናው ራሱ ያለውን የፊት ማዘንበል አትርሱ፤ ፊቱ ሲወርድ ማዕዘኑ ይቀንሳል። የፊት ጎማዎቹ ከፊት በኩል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ገባ ይበሉ።

ለመሪ ሣጥን ከ1948 እስከ 1952 የተሠራው የፎርድ ኤፍ-1 ፒክአፕ ሣጥን ጥሩ ነው፣ ጠንካራም ነው። ከሣጥኑ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ የኋላ ጫፍ፣ የተሰነጠቀው የአክስል ዘንግ ከሚታሰርበት ነጥብ ጋር መቀራረብ አለበት። ሁለቱ የተራራቁ እንደሆነ ጎማው ጉብታ ሲወጣ መሪው እጃችሁ ላይ ይዞራል።

አቋሙን አሁኑኑ ወስኑ

ሞተሩ ገና አልተሠራም፣ ቦዲውም ዝገቱ አልተቆረጠም። ቢሆንም ሁሉንም ደራርቡት። ባዶ የሞተር ብሎክ፣ ባዶ የካምቢዮ ቤት፣ ቦዲው፣ የራዲያተሩ ሽፋን፣ የምትነዱባቸው እውነተኛ ጎማዎች። ቸርኬው የ1940ዎቹ የፎርድ 16 ኢንች ብረት ቢሆን ለዘመኑ ልክ ነው። ፊት 5.50-16፣ ኋላ 7.50-16 ብታደርጉ የኋላው ትልቅነት ብቻውን አፍንጫውን ያወርደዋል።

ከዚያ ከጋራዡ ወጥታችሁ ከሩቅ እዩት። በማግስቱም እዩት። ወንበር የሚሆን ሣጥን አስገብታችሁ ተቀመጡ፣ መሪው ደረታችሁን ይነካ እንደሆን፣ ፔዳል ላይ እግራችሁ ይደርስ እንደሆን ሞክሩ። ማያያዣዎቹን ሁሉ በነጥብ ብየዳ ብቻ ያዙ። ሙሉ ብየዳ የሚመጣው ሁሉም ነገር ቦታውን ካገኘ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጣራ መቁረጥ ጥያቄ ይነሳል። የሞዴል ኤ መስታወት ጠፍጣፋ ስለሆነ ጣራውን ሰባት ተኩል ሴንቲሜትር ማሳጠር ከሌሎች መኪኖች ይቀላል። የመጀመሪያ መኪናችሁ ከሆነ ግን ተዉት። ረጅም ጣራ ያለው ኤ ኩፔ በትክክል ሲወርድ በራሱ ግርማ አለው። ተቆርጦ የተበላሸ ጣራ ግን መመለሻ የለውም።

ፍሬን ከሞተር ይቀድማል

ሞዴል ኤ የሚቆመው በዘንግ በሚሳብ ፍሬን ነው። ለ40 ፈረስ ጉልበት ይበቃ ነበር። ፎርድ በዘይት የሚሠራ ፍሬን የጀመረው በ1939 ነው፣ ስለዚህ ከ1939 እስከ 1948 ያለው የታምቡር ፍሬን በ1950 የማንም ጎረምሳ ምርጫ ነበር። የኤፍ-1 ፒክአፑ ደግሞ ራሱን በራሱ የሚያጠብቅ ዓይነት ስለሆነ ይበልጥ ይይዛል። ታምቡሮቹን አስለኩ። ከሚፈቀደው በላይ የተላጨ ታምቡር ሲሞቅ ይሰፋል፣ ፔዳሉም ይሰምጣል።

ድርድር እፈቅዳለሁ ያልኩት እዚህ ነው። የዘመኑ ፖምፓ አንድ መስመር ብቻ ነበረው። አንድ ቱቦ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን አልባ ይሆናል። ወለሉ ሥር ማንም የማያየው ስለሆነ፣ የፊትና የኋላን የሚለይ ባለ ሁለት መስመር ፖምፓ ግጠሙ። ፖምፓው ከጎማዎቹ ፍሬን ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ለታምቡር 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚይዝ ቫልቭ በየመስመሩ አስገቡ፤ ከሌለ ዘይቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ፔዳሉን ደጋግማችሁ መርገጥ ግድ ይላችኋል። ቱቦው የብረት ይሁን፣ ጫፉም ድርብ ታጥፎ ይከፈት። ተራ የመዳብ ቱቦ ለፍሬን አይሆንም፣ በንዝረት ይሰነጠቃል።

ሞተሩ

የፎርድ ጠፍጣፋ ቴስታታ ቪ8 በ1932 ሲወጣ 221 ኪዩቢክ ኢንች፣ 65 ፈረስ ጉልበት ነበር። ቫልቮቹ ብሎኩ ውስጥ ናቸው፣ ቴስታታው ላይ ምንም የለም። እናንተ የምትፈልጉት የኋላውን ነው፦ ከ1946 እስከ 1948 ያለውን 59ኤ ወይም ከ1949 እስከ 1953 ያለውን 8ቢኤ። ሁለቱም 239 ኪዩቢክ ኢንች፣ 100 ፈረስ ጉልበት ናቸው፤ 8ቢኤ ከ1952 ጀምሮ 110 ደርሷል። ከ1949 እስከ 1953 ያለው የሜርኩሪ (የፎርድ እህት መኪና) ሞተር ረዘም ባለ የፒስተን ምት 255 ይደርሳል።

ከሁለቱ የቱ? 59ኤ የፍሪሲዮኑ ቤት ከብሎኩ ጋር አብሮ የተቀረጸ ስለሆነ የ1939ኙ ካምቢዮ በቀጥታ ይገጥማል። 8ቢኤ የእሳት ማከፋፈያው ቀላልና ለማስተካከል ምቹ ነው፣ ግን አሮጌውን ካምቢዮ ለመግጠም የፒክአፑን የፍሪሲዮን ቤት መፈለግ አለባችሁ። እኔ 59ኤ እላለሁ፣ ለመልኩም ጭምር።

ብሎኩን ስትገዙ ሻጩ ይዞራል ስላለ አትመኑ። ስንጥቅ ነው የሚገድለው። ከቫልቭ መቀመጫው ወደ ሲሊንደሩ፣ እንዲሁም ከውሃ ቀዳዳ ወደ ቡሎን ቀዳዳ ይሰነጠቃል። ሙሉ በሙሉ ፈታችሁ፣ አሳጥባችሁ፣ በማግኔት አስመርምሩ። ገንዘብ የምታወጡት ከምርመራው በኋላ ነው።

ይህ ሞተር በመሞቅ ስሙ የጠፋ ነው። ምክንያት አለው። የተቃጠለው ጋዝ የሚወጣው በብሎኩ ውስጥ፣ በውሃው መሀል አልፎ ነው። በየጎኑ ያሉት ሁለቱ መካከለኛ ሲሊንደሮችም አንድ መውጫ ይጋራሉ። በዚያ ላይ ብሎኩ ሲቀረጽ የቀረ አሸዋና የሰማንያ ዓመት ዝገት የውሃ መንገዱን ይዘጋዋል። መድኃኒቱ ትልቅ ቬንትሌተር አይደለም። የውሃ መንገዱን በሽቦና በግፊት ውሃ ደጋግማችሁ አጽዱት፣ በየጎኑ ያሉትን ሁለቱን የውሃ ፖምፓዎች አድሱ፣ ጥሩ ራዲያተር ግዙ። የእሳቱ ሰዓት ከዘገየና ካርቡሬተሩ ቤንዚን ካሳነሰም ይሞቃል፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

ጉልበት ለመጨመር ሦስት ነገር ይበቃል፦ ለስላሳ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ)፣ ክንፍ ያለው የአሉሚኒየም ቴስታታ፣ ሁለት ስትሮምበርግ 97 ካርቡሬተር። 97 የተባለው የጉሮሮው ስፋት 0.97 ኢንች ስለሆነ ነው። ሦስት መደርደር ያምራል፣ ግን ለመንገድ ሁለቱ ይበቃሉ፣ ማስተካከሉም ግማሽ ነው። የቤንዚን ግፊቱ ከ3 ፒኤስአይ አይለፍ። ከዚያ በላይ መርፌው አይዘጋም፣ ቤንዚን በሞቀ ሞተር ላይ ይፈሳል።

ካምቢዮና የኋላ እግር

የ1939ኙ ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ መቀየሪያው ወለል ላይ ነው፣ ይበቃልም። አንደኛ ማርሽ ሳትቆሙ አይገባም፤ ትለምዱታላችሁ። የኋላው ዲፈረንሻል ባንጆ የሚባለው የፎርድ ዓይነት ይሁን፣ 3.78 ጥምርታው የተለመደው ነው። ኃይል አስተላላፊው ዘንግ በቱቦ ውስጥ ስለሚሄድ ቱቦውም ዘንጉም እኩል መቆረጥ አለባቸው። ይህን ቶርኖ ቤት ስጡት። የኋላ ጎማ የሚይዘው ሾጣጣ ዘንግ ላይ ያለው ዳዶ ከላላ ዘንጉንና ጎማውን የሚያያይዘው ትንሽ ብረት ይበላና ጎማው ይሄዳል፣ ስለዚህ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ (ቶርክ ሬንች) አጥብቁት።

ላሜራው

ወለሉን ከመቁረጣችሁ በፊት ቦዲውን ከውስጥ በብረት ቱቦ ደግፉት፦ ከበር ምሰሶ ወደ በር ምሰሶ፣ ከጥግ ወደ ጥግ። በሮቹን ዝጉ፣ ክፍተቱን አስተካክሉ፣ ከዚያ ቱቦውን በይዱ። ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ አትቁረጡ። አንዱን ጨርሱ፣ በሮቹን ፈትሹ፣ ወደ ሌላው እለፉ። 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ላሜራ ሙቀት አይችልም፤ በነጥብ ብየዳ እየተራራቃችሁ፣ እጅ እስኪችለው እየጠበቃችሁ ሙሉት። ስቱኮ የሚፈቀደው ለመጨረሻው ሚሊ ሜትር ነው።

ሞዴል ኤ የነዳጅ ታንኩ ከመሪው ፊት፣ ከጉልበታችሁ በላይ ነው ያለው። ውጭው የቦዲው አካል ስለሆነ ቅርፁን ተዉት፣ ቤንዚኑን ግን ወደ ኋላ ሻንጣ ቤት አዛውሩት። አሮጌ ታንክ ባዶ ቢመስልም ትነቱ ይፈነዳልና ግራይንደርም ብየዳም አታስጠጉት።

ኤሌክትሪኩን አሳጥሬ ልለፍ። ፎርድ 6 ቮልት፣ ፖዘቲቩ ከሻንሲ የታሰረ ነበር። 12 ቮልት ኔጋቲቭ አድርጉት፣ አዲስ ሽቦ ዘርጉ፣ ለእያንዳንዱ መስመር ፊውዝ ስጡ። ለኋላ መብራት የ1939ኙ የፎርድ እንባ ቅርፅ መብራት ይሁን። በሆት ሮድ ላይ ከእሱ የተሻለ ገና አላየሁም።

ሳትቀቡ ንዱት

ሞተሩን መጀመሪያ ስታስነሱ ዘይቱ በሞተሩ ሁሉ መድረሱን አረጋግጡ። ካምሻፍቱ አዲስ ከሆነ ዚንክ ያለው ዘይት ጨምሩ፣ 2000 ዙር ገደማ ላይ 20 ደቂቃ አቆዩት። የእሳት ማጥፊያ በእጅ ይሁን፣ የጋራዡ በር ይከፈት።

ከዚያ በቅርብ መንገድ፣ በቀስታ፣ ፍሬኑን እየሞከራችሁ ጀምሩ። ስትመለሱ ሥሩ ግቡ። የላላ ዳዶ፣ የሚፈስ ዘይት፣ ጎማ የሚነካው ላሜራ፣ ከማርሚታው የተጠጋ ሽቦ ፈልጉ። መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ማዕዘኑንና የፔርኖውን ቡሽ እዩ። የአሉሚኒየም ቴስታታውን ዳዶዎች ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እንደገና አጥብቁ፣ ከሚቀጥሉት ጉዞዎች በኋላም ድገሙት። ዘይቱን ቶሎ ቀይሩ። ቢያንስ አንድ ወቅት እንዲህ ንዱት። የምትጠሉት ነገር ሁሉ፣ የወንበሩ ከፍታ፣ የፔዳሉ ቦታ፣ የማርሚታው ድምፅ፣ የሚገለጠው በዚህ ጊዜ ነው። ለእያንዳንዱ የሚበየድና የሚበሳ ነገር አሁን ነው ጊዜው።

ቀዳዳ መብሳት ስታቆሙ ብቻ ፍቱት። ዕቃውን በየከረጢቱ አድርጋችሁ ስሙን ጻፉበት፣ ፎቶም አንሱ። ሻንሲው መጀመሪያ ይቀባ፣ የፊትና የኋላ እግሩ ይገጠምበት፣ ሞተሩ ይግባ፣ ቦዲው በመጨረሻ ይምጣ። ቀለሙ ጥቁር ከሆነ ላሜራው ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ጉድፍ ያሳያል፣ ስለዚህ በራሳችሁ ላሜራ ካልተማመናችሁ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ደማቅ ያልሆነ ቡናማ ቀይ ምረጡ። ውስጡን ለመኪና ወንበር ሰፊ የምትሰጡት ከቀለሙ በኋላ ነው፤ የአረፋውን ውፍረት ግን ከመስጠታችሁ በፊት መኪናው ውስጥ ተቀምጣችሁ ለኩ፣ አምስት ሴንቲሜትር ተጨማሪ አረፋ ጭንቅላታችሁን ከጣራው ጋር ያገናኘዋል።